ባዶ ወንበር ላይ የታሰረ ቀበቶ

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደገፊያለሽ ወይስ መድኃኒቱ ረዳሽ? ባለቤትሽስ፣ የመጋዝ ብናኙ ያመጣበት ሳል ተወው? አፉን በጨርቅ ሸፍኖ እንዲሠራ ነግሬው ነበር፤ እንደማይሰማኝ ግን አውቃለሁ። ታናሿ ልጅሽ ፈተናዋን ጨረሰች? አማትሽስ ዛሬም ሬዲዮኑን ሰፈር እስኪሰማ ከፍ አድርገው ነው የሚያዳምጡት? እኔ ለክፉ የማይሰጥ ጤና ላይ ነኝ። ዓይኔ ከአዲሱ መነጽር ጋር ተስማምቷል፤ ወገቤ ግን ከዚህ ቤት አልጋ ጋር ገና አልታረቀም።

ልጅሽ ደህና ነው። አንቺ ልጅ ሆነሽ የወንጀል ልብ ወለድ ስታነቢ፣ ገዳዩን ለማወቅ ቸኩለሽ የመጨረሻውን ገጽ ትገልጪ ነበር፤ እኔም መጽሐፉን እየነጠቅሁ «ከመጀመሪያው» እልሽ ነበር። ስለዚህ ዛሬ መጨረሻውን ራሴ አስቀድሜ ሰጠሁሽ። አሁን ሰኞ ጠዋት ነው። ልጅሽ ከኋላዬ ተኝቶ ያንኮራፋል፤ ማንኮራፋቱ ቁርጥ የአባቱ ነው። ልብሽ ካረፈ የቀረውን ሳትዘልዪ በተራው አንብቢ። ለባለቤትሽ ብታነቢለት ደስ ይለኛል። ለአማትሽ ግን አታንብቢላቸው፤ ምክንያቱን ስትጨርሺ ትደርሺበታለሽ።

«ድምፁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ፤ ሄደህ በዓይንህ እየው፤ ከሆነልህም ይዘኸው ና» ብለሽ የላክሽኝ አንቺ ነሽ። ጣቢያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ሲያቅፈኝ የጎን አጥንቱ ተሰማኝ። ያ በር የሚሞላ ልጅ ሸሚዙ እንደተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥሎበታል። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ ሾፌር ሲከሳ መኪናው ይፈጥናል ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እሱም ብዙ አልቆየበትም።

የሚኖርበት ክፍል ከጎማ ሱቅ በላይ ነው። ደረጃው፣ ፎጣው፣ ትራሱ ሳይቀር ጎማ ጎማ ይሸታል። ያለችው አንዲት መስኮት ወደ እሽቅድድም ሜዳው ታያለች፤ ጠዋት መኪናዎቹ ልምምድ ሲጀምሩ መስታወቷ ትንቀጠቀጣለች፣ ብርጭቆዎቹም መደርደሪያው ላይ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። ከአልጋው ትይዩ ግድግዳው ላይ ሁለት ሄልሜቶች ተሰቅለዋል። አንዱ ቀዩና ትልቁ የእሱ ነው። ሌላው ነጭና ትንሽ ነው፤ የልጅ ይመስላል። የማን እንደሆነ ብጠይቀው «የድምቢጥ» አለኝና ውሃ ሊጥድ ሄደ። ያን ቀን ሌላ ነገር ከአፉ አላወጣሁም።

ድምቢጥን በስም ታውቂዋለሽ፤ ባለፈው ዓመት የሞተው የሥራ ጓደኛው ነው። ከቁመቱ ማነስ የተነሣ ያወጡለት ስም ነው። አሟሟቱን ለመረዳት ግን የሥራቸውን ልማድ ማወቅ ያስፈልግሻል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ። እኔም እንዳንቺው ሾፌሩ ብቻውን የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር። የእነሱ ውድድር ረጅም ስለሆነ አንዱን መኪና ሁለት ሰዎች እየተቀያየሩ ይነዱታል። መኪናው ነዳጅ ሊቀዳና ጎማ ሊቀይር ሲገባ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይገባል። የወረደው ሰው ታዲያ ደክሞኛል ብሎ አይሄድም። ጎንበስ ብሎ የገባውን ጓደኛውን ያስረዋል። ከሁለቱ ትከሻና ከወገብ የሚመጡ ቀበቶዎች ደረት ላይ አንድ ዘለበት ውስጥ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱን ይስብና ያጠብቃል። ሲጨርስ ሄልሜቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ታስረሃል ማለት ነው። የተቀመጠው ሰው አውራ ጣቱን ያነሣል። አዎ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መካከል ሌላ ንግግር የለም። ልጅሽ ግዙፍ፣ ድምቢጥ ትንሽ ስለነበሩ ቀበቶው በየቅያሬው ይረዝማል፣ ያጥራል።

በዚያ ቀን የወረደው ልጅሽ፣ የገባው ድምቢጥ ነበር። ልጅሽ አሰረው። ጥቂት ዙር እንደሄደ ረጅሙ ኩርባ ላይ ጎማው ፈነዳ፣ መኪናው ግንቡን መታ፣ ተቃጠለም። መርማሪዎቹ ጥፋቱ የጎማው ነው ብለው ዘጉት፤ ይህም እውነት ነው። ልጅሽም በስልክ የነገረን ይህንኑ ብቻ ነው። የቀበቶውን ነገር ግን ማንም ሊያውቅ አልቻለም፤ ዓመድ ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሥራ ቦታው ወሰደኝ። ጋራዡ ከሜዳው ዳር በተርታ ከተሠሩት አንዱ ነው፤ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በምላስ የተላሰ የሚመስል ንጹሕ ወለል። አለቃቸው ሴት ናት። እሷም በጊዜዋ ሾፌር ነበረች፤ አንድ እግሯን ታነክሳለች፣ የማትለኩሰው የክብሪት እንጨት ከጥርሷ አይለይም። ዋናው መካኒክ ራሱ እንደ እንቁላል የተላጠ ስለሆነ ጎፈሬ ይሉታል። በድምቢጥ ምትክ የገባው ሾፌር ደግሞ «አዲሱ» ነው፤ እንደ ልጅሽ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ። በክብር ተቀበሉኝ። ጎፈሬ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ግድግዳ ሥር አስቀመጠልኝና «የመምህር ወንበር፤ ማንም እንዳይቀመጥባት» አለ። መኪናዋ አዲስ ናት። ቀበቶዎቿም አዲስ ናቸው፤ ድምቢጥ በሕይወቱ ነክቷቸው አያውቅም። ይህን ልብ በዪልኝ።

አለቃዋ የምታስከብረው አንድ ደንብ አለ፤ ምሳ ሁሉም አብሮ ይበላል። ሁሉም ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ ቁልፉ እሷ ኪስ ይገባል። እኔም አብሬያቸው በላሁ፤ ልጅሽ ግን ትንሽ ጎረሰና አየር ልቀበል ብሎ ወጣ። ስንመለስ አዲሱ ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለና ቆመ። ዘለበቱ ባዶ ወንበር ላይ ተቆልፏል። ፈትቶ ገባ፤ ቀበቶው ደረቱ ላይ አልደርስ አለው። ይሄን ለሕፃን ያጠበበው ማነው እያለ አጉረመረመ። ጎፈሬ መጣ፣ ቀበቶውን በጣቶቹ ለካው፣ ፊቱም ዓመድ መሰለ።

«የድምቢጥ ልክ ነው» አለ።

«የሚስትህን ወገብ እንዲህ ታውቀዋለህ?» አለው አዲሱ።

«የሚስቴን ረስቼዋለሁ። ይሄን ግን ዓይኔን ብታስረኝም አልስተውም።»

ማንም አልሳቀም። ነገሩ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ከምሳ ሲመለሱ ቀበቶው ተቆልፎና አጥሮ ያገኙታል፤ ሁልጊዜም በዚያው በአንዱ ልክ። መጀመሪያ ጎፈሬ የአዲሱ ቀልድ መስሎት አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ነበር። አለቃዋ የበሩን ቁልፍ አስቀየረች፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ወዲህ መካኒኮቹ መኪናዋ ጋ ለብቻቸው መቆም ትተዋል። መፍቻ ከእጅ ቢወድቅ ሁሉም ዘወር ብሎ የሚያየው የወደቀውን ዕቃ ሳይሆን ወንበሩን ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ብርሃን በሞላበት ቤት ውስጥ ሰው እንዲህ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ልጅሽ ብቻ ያን ሁሉ ሲያወሩ ከጥግ ቆሞ ሄልሜቱን በጨርቅ ይወለውል ነበር። ቀና ብሎ አላየንም።

እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አለቃዋ ወደ ውጭ ጠራችኝና ከአጥሩ አጠገብ ቆመን ልጅሽ ሲለማመድ አብረን አየን። መኪናው ረጅሙ ኩርባ ጋ ሲደርስ እንጨቷን ከጥርሷ አወጣች።

«መምህር፣ የኋላ መብራቱን ይዩ። እዚህ ኩርባ ላይ ፍሬን የማይነካ የለም። አዲሱ ይነካል፤ እኔም በደህናው እግሬ ዘመን እነካ ነበር። ልጅዎ ከድምቢጥ ወዲህ አይነካም። እስካሁን መኪናዋ ይዛለታለች» አለችኝ።

ታዲያ ለምን ታስነጂዋለሽ አልኳት። ብትከለክለው ሌላ ቡድን እንደሚቀጥረው፣ እዚያ ደግሞ ኩርባው ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው እንደማይኖር ነገረችኝ። ከዚያም ሸክሙን ከራሷ አውርዳ በእኔ ላይ ጫነችው። እሑድ ውድድር ነው፤ ይንዳ ወይም አይንዳ የምለው እርስዎ የሚሉኝን ሰምቼ ነው አለች። እህቴ፣ ያን ጊዜ አንቺን አሰብሁ። አይንዳ ብዬ ይዤው ብመጣ ጤነኛ ልጅ አመጣልሽ ነበር? ኩርባውን ሆዱ ውስጥ ይዞት ይመጣ ነበር። ይንዳ ብልስ፣ ለአንቺ ምን ብዬ እጽፋለሁ?

ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ታውቂኛለሽ፣ የተማሪ ወረቀት ሳርም ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሬ ነው እንጂ ዘልዬ አላውቅም። ቀልድ ይሆን? ቀልደኛ ቀልዱ ሲፈነዳ ለማየት በአጠገቡ ይቆማል፤ እዚህ ቤት የሚስቅ ሰው የለም። አዲሱ ይሆን? የቀበቶው ነገር ሲነሣ ወሬው ይጠፋበታል። ጎፈሬ ልኩን ያውቃል፤ ነገር ግን ጎፈሬ ያሰረው ሁሉ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ይህኛው እኩል አልነበረም። አንድ ቀን ከምሳ እንደተመለስን ማንም ሳይነካው ጎንበስ ብዬ አየሁት። የወገቡ ጠብቋል፣ የቀኝ ትከሻው ጠብቋል፣ የግራ ትከሻው ግን ላልቶ ተንጠልጥሏል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብዬ ጎፈሬን ጠየቅሁት። «ሁልጊዜ» አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ድምቢጥ የተገኘው ወደ ግራ አጋድሎ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ብሆን ለወንበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ መቀመጥ ደስ አላለኝም፤ አልዋሽሽም።

ግን ደግሞ አሰብሁ። ሙት በር አያስፈልገውም፤ ሕያው ሰው ግን በር ያስፈልገዋል። ሁሉም የሚጠብቀው የፊቱን በር ነው። ከኋላ የጎማ መጋዘን አለ፤ ጋራዡን ከመጋዘኑ የሚለየው የሚንሸራተት የጣውላ ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ እየተንከባለለ ሲያልፍበት ስለሚውል በር መሆኑን ሁሉም ረስተውታል። የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ ሾፌሮቹ ቱታ የሚቀይሩበት ክፍል ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል።

ዓርብ ዕለት ሆዴን አሞኛል ብዬ ከምሳ ቀረሁ። ለአለቃዋ ብቻ ነግሬ ከተደረደሩት ጎማዎች ኋላ በወንበሬ ተቀመጥሁ። የብረቱን በር ዘጉብኝ። ቤቱ ጨለማ አልነበረም፤ ከበሩ ሥር ስለት የመሰለ ብርሃን ይገባ ነበር። ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጠዋት ጆሮ የሚያደነቁረው ሜዳ ጭር ብሏል፤ ጭርታው ራሱ ሰው ይመስል ነበር፣ አጠገቤ እንደተቀመጠ ሰው። መኪናዋ መሃል ላይ ቆማለች፤ ቀበቶዎቿ ግራና ቀኝ እንደ ሰነፈ ክንድ ተዘርግተዋል። ብዙ ጠበቅሁ። እንቅልፍ ሸለብ ሳያደርገኝ አልቀረም።

ዓይኔን ስገልጥ ወንበሩ ላይ ጭንቅላት ነበረ።

ትንሽ ነጭ ጭንቅላት፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ የተቀመጠ። እህቴ፣ ትንፋሼ የት እንደገባ አላውቅም። ቀጥሎ ከመኪናዋ ማዶ ሁለት እጆች ብቅ አሉ። የወገቡን ሳቡ፣ የቀኝ ትከሻውን ሳቡ፣ ከዚያ አንደኛው እጅ ነጩን ጭንቅላት ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። ድምፁ ባዶ ዕቃ ሲመታ እንደሚሰማው ነበር። ያኔ ሄልሜት ብቻ መሆኑን ለየሁ፤ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሄልሜት፣ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ተደርጎ። ከማዶ የተንበረከከው ሰው ጆሮውን አስጠጋና፣

«ጠበቀ?» አለ።

መልስ የሚጠብቅ ሰው አጠያየቅ ነበር። እኔም ሳላስበው አብሬው ጠበቅሁ። ልጅሽ ነበር።

ተነሣሁና «ልጄ» አልሁት። አልደነገጠም። ሰው እስኪመጣለት ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ አውራ ጣቱን ሳላይ ነው የሄድኩት» አለኝ።

እየተቆራረጠ ነገረኝ። ያን ቀን ጥድፊያ ነበር፤ ሄልሜቱን ሁለቴ እንደመታው ውጡ ተባለ፣ መኪናው ተፈተለከ። ምቱን ያስታውሳል፤ የግራውን ትከሻ መሳቡን ግን አያስታውስም። ስለዚህ ሰው በሌለበት እየመጣ፣ ሁሉንም እንደዚያን ቀን አድርጎ ያስራል፤ ሲጨርስም ግራውን ላልቶ ያገኘዋል። ፈትቶ ለመመለስ እጁ እምቢ እያለው እንደታሰረ ትቶት ይወጣል። ኩርባው ላይ ለምን ፍሬን አትነካም ብዬ ጠየቅሁት። እዚያ ሲደርስ የራሱን ቀበቶ እንደሚያስብ ነገረኝ። «ከጠበቀ ያወጣኛል፤ ካልጠበቀም...» ብሎ ተወው። የቀረውን አልጻፍልሽም።

እንግዲህ ጥፋቱ ያንተ አይደለም ብዬ ጀርባውን መታ መታ ማድረግ እችል ነበር። ግን ያላረምሁትን ወረቀት ውጤት ሰጥቼ አላውቅም። ሄልሜቱን አንሣ፣ እኔ ልቀመጥ አልሁት። ይቅርብዎት፣ ወገብዎ አይችልም አለ። እውነቱን ነው፤ ያቺ መኪና በር የላትም ቢባል ይቀላል፣ ሰው የሚገባባት እንደ ደብዳቤ ታጥፎ ነው። አንድ እግሬ ገብቶ ሌላው ውጭ ቀርቶ ስንታገል ለሚያየን ያስቅ ነበር። እንደምንም ገባሁ። እኔ ከጡረታ ወዲህ መንምኜ የድምቢጥን ያህል ሆኛለሁ። ሄልሜቱን አጠለቀልኝ። ውስጡ አሁንም የሰው ጠረን አለው። የራሴን ትንፋሽ የሌላ ሰው ይመስል ከጆሮዬ ሥር ሰማሁት። በል፣ እንደዚያን ቀን እሰረኝ አልሁት።

የወገቤን አሰረ። የቀኙን አሰረ። ሁለት ጊዜ መታኝ። በዚያችው ቅጽበት የግራ ትከሻዬ ወደ ታች ተሳበ፤ ደረቴ ተጫነና ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ቀበቶው ጠብቆ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን አላምነውም፤ ፍታኝና ድገመው አልሁት። ደገመው። ዓይኔን ጨፍኜ ድገመው አልሁት። አሁንም ያው። ሌሎቹን ቀበቶዎች ሲያስር በአንድ እጁ ዘለበቱን ይይዛል፣ በሌላው ይስባል። የመጨረሻውን ግን ቀኝ እጁ ሄልሜቱን ሲመታ ግራ እጁ ለብቻው ነው የሚስበው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ዓይኑ ቀኝ እጁ ላይና የሚነሣው አውራ ጣት ላይ ስለሆነ ግራ እጁን አያየውም። ሰው ሲቀመጥ ደረቱ ይታገለዋል፣ ቀበቶውም ይጠብቃል። ባዶ ወንበር ላይ የሚታገለው ደረት የለም፤ ቀበቶው እጁን ተከትሎ ይመጣል፣ ሲለቀው ይላላል። ልጁ ይህን ያህል ጊዜ ራሱን ሲከስስ የኖረው ባዶ ወንበር በመሰከረበት ነው።

አሁን እኔን ሳይሆን ግራ እጅህን እያየህ እሰረኝ አልሁት። እያየ አሰረኝ። እጁ ሲስብ አየ። ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ያን ቀን አልነበርሁም፤ ስለዚያን ቀን አልምልልህም» አልሁት። «እጅህን ግን አውቄዋለሁ።»

ከዚያም አውራ ጣቴን አነሣሁ። ልጅሽ እንደ ሕፃንነቱ ድምፁን ሳይደብቅ አለቀሰ። ማልቀሱን ትቶ ሊፈታኝም አልቻለም፤ እኔ ደግሞ ዘለበቱን መክፈት አላውቅበትም። በዚህ መሃል የፊቱ በር ተጠቅልሎ ተከፈተና ጎፈሬ ከነሰዎቹ ገባ። የድምቢጥን ሄልሜት ያጠለቀ፣ ድምቢጥን የሚያህል ሰው፣ ታስሮ አውራ ጣቱን አንሥቶለት አየ። ጎፈሬ ያን ቀን ፀጉር ቢኖረው ኖሮ ይሸብት ነበር። የጠራቸውን ቅዱሳን ብዛት አልነግርሽም። እኔ መሆኔን ሲያውቅ ግድግዳ ይዞ ቁጭ አለና፣ «መምህር፣ በሚቀጥለው ዝም ብለው ይግደሉኝ» አለኝ።

ቅዳሜ ልጅሽ ነጩን ሄልሜት ይዞ ወደ ድምቢጥ እናት ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ አብጦ ነበር፤ ራቱን ግን ጨረሰ። ጎፈሬ በበኩሉ የጣውላውን ግድግዳ በሚስማር ቸነከረው። እኔም ለአለቃዋ ይንዳ አልኳት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአለቃዋ ጋር ያችው አጥር ጋ ቆምን። ቀዩ ሄልሜት ሲመጣ እጄን ያዘችኝ። መኪናው ወደ ረጅሙ ኩርባ ቀረበ፤ የኋላ መብራቱ ቀይ በራ። በየዙሩ በራ። አለቃዋ ክብሪቷን ነክሳ ሰበረችው። ስድስተኛ ወጡ። አዲሱ አንደኛ የወጣ ይመስል ሲጨፍር አመሸ። ልጅሽ የውድድሩ ወቅት ሲያበቃ ወደ አንቺ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ ከዚያ በኋላ መንዳቱን ይቀጥል አይቀጥል ራሱ ይወስናል። እኔ አልከለከልሁትም፤ አንቺም በሩ ላይ ተቀብለሽ ወዲያው በዚህ አትጀምሪው።

አሁን አማትሽ እንዳይሰሙት ያልሁሽ ቀረኝ።

እሑድ፣ ከውድድሩ በፊት፣ እንደ ደንባቸው ሁሉም አብረው ምሳ በሉ። ልጅሽ ከጎኔ ተቀምጦ ደግሞ ደጋግሞ ጎረሰ፤ አንድም ጊዜ አልተነሣም። ከጠረጴዛው የጎደለ ሰው አልነበረም፤ በዓይኔ አንድ በአንድ ተመልክቻለሁ። የጣውላው ግድግዳ ተቸንክሯል። አለቃዋ ቁልፉን ለእኔ ሰጥታ ቀድሜ እንድከፍት ላከችኝ። ከፈትሁ። ብቻዬን ነበርሁ።

ቀበቶው ባዶው ወንበር ላይ ታስሯል። ልኩ የድምቢጥ ነው፤ እኔ ራሴ ታስሬበት ስለነበር ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። የወገቡ ጠብቋል። የቀኝ ትከሻው ጠብቋል። የግራውም ጠብቋል። ወንበሩ ላይ አልተኛም፤ ደረት ከሥሩ እንዳለ ሁሉ ጎበጥ ብሎ ቆሟል። በጣቴ ተጫንሁት፤ አልረገበም። አዲስ ቀበቶ ደረቅ እንደሆነ፣ ሙቀት ባለበት ቤት ጨርቅና ብረት እንደሚቀያየሩ አውቃለሁ፤ ምክንያት መፈለግ ሥራዬ ስለሆነ ዛሬም እየፈለግሁ ነው። እስካሁን አላገኘሁም።

ከውጭ የሰዎቹ ኮቴ ቀረበ። የልጅሽም ሳቅ ተሰማኝ፤ አዲሱ አንድ ነገር ብሎት ይሆናል። ጊዜ አልነበረኝም። ያ ልጅ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ ከርሟል፤ አሁን መልሱ ከፊቴ ተቀምጧል። ብዙ ቆይቶ እጁን ያወጣ ተማሪ ሲመልስልኝ እንደማደርገው ራሴን ነቀነቅሁ።

«ትክክል ነው፣ ልጄ» አልሁት። ዓርብ እኔን ሲፈቱኝ እንዳየሁትም ዘለበቱን ተጭኜ ፈታሁለት።

ከዚያ ቀበቶውን በልጅሽ ልክ አረዘምሁት። ሲገባ ጎንበስ ብዬ አገኘኝና ምን እየሠሩ ነው ጋሼ አለኝ። ወንበርህን እያዘጋጀሁ ነው አልሁት። ለማንም አልተናገርሁም፤ አንቺም ለእሱ አታንሺበት።

እንግዲህ ላብቃ፤ ልጅሽ ሊነቃ ነው። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ጨርቁን አፉ ላይ ያስር። ለታናሿ፣ ውጤቷን ራሷ ጽፋ እንድትልክልኝ፣ ፊደሏንም እንድታሳምር። ለአማትሽ እጅ ነስቻለሁ በያቸው፤ ከየት እንደጻፍሁ ቢጠይቁሽ ደህና ቦታ ነው በያቸው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋን ሰላም በይልኝ፤ ኮቴ ሰፍቶኛልና ስመለስ ታጥብብልኝ። አንቺ ደግሞ ጉልበትሽን አሳርፊ።

የሚወድሽ ወንድምሽ

ከጎማ ሱቁ በላይ፣ ሜዳውን ከምታየው መስኮት ሥር
ሰኞ ጠዋት፣ ግንቦት 18